«ምንም አልፈልግም» ያለችኝን ሚስቴን ላስፈርማት ወይ?

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ዓምድሽን ማታ ማታ ነው ማነበው። ሰው ፊት ማልናገረውን ላንቺ ልፃፍ ብዬ ነው፣ ስሜ እንዳይወጣ አደራ።

ጅማ ነው ምኖረው፣ 42 አመቴ ነው። ቡና ላይ ነኝ፣ ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ከገበሬ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ማለት ነው፣ እየሰበሰብኩ አቀርባለሁ። ከተጋባን 13 አመታችን ነው፣ ሁለት ልጅ አለን፣ ሴቷ 11 ወንዱ 7። የልጆቼ እናት ነርስ ናት፣ መንግስት ሆስፒታል ነው ምትሰራው፣ አዳር ትገባለች። ከሁለት አመት ወዲህ ቤታችን ቀዘቀዘ። እኔም አልማገጥኩ እሷም አላደረገችውም፣ በቃ ቡና ሲደርስ ሶስት አራት ወር መንገድ ላይ ነኝ፣ ስመለስ እንደ እንግዳ ነው ምትቀበለኝ፣ ከዛ ጭቅጭቅ ነው። ሽማግሌ ሶስቴ ገባ፣ አልሆነም። አሁን ለመለያየት ሁለታችንም ተስማምተናል።

የቸገረኝ ንብረቱ ነው። ቤታችን ያረፈበትን ቦታ አባቴ ሳላገባ ነው የሰጠኝ፣ ቤቱን ግን ከተጋባን በኋላ ነው የሰራነው፣ ከኋላ አራት ሰርቪስ አለው ይከራያል። አይሱዙ አለችን፣ ባንክ ያለ ብር አለ፣ መጋዘን ያለ ቡና አለ። ሁሉም በኔ ስም ነው። እሷ አንድ ቀን ስንጨቃጨቅ "ልጆቼን ስጠኝ እንጂ ካንተ ምንም አልፈልግም" አለች። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ "በአፏ ካለች አስፈርማታ! ደሞዟ እንደሆነ ጤፍ ነው የተገዛበት፣ ቤቱን የሰራኸው አንተ፣ በሸሪዓም ቢሆን የሷ መህሯ ብቻ ነው" አለኝ፣ ስንጋባ ከባል የሚሰጣትን ማለቱ ነው። እሁድ ሽማግሌዎች መጥተው ወረቀት ሊፃፍ ነው፣ የቤት እቃውንና 300 ሺ ብር ወስዳ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብላ ልትፈርም። መኪናዋን ባለፈው ወር በወንድሜ ስም አዙረናታል፣ ለጥንቃቄ ነው ብሎኝ።

ከዛ ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ክብሪት ስፈልግ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አገኘሁ። የስንት አመት ወጪ በእጇ ተፅፏል። ጤፍ፣ ዘይት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሰራተኛ ደሞዝ። በየወሩ ደግሞ "የአባባ መድሃኒት" የሚል አለ። አባቴ አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ሁለት አመት ያስታመመችው እሷ ናት፣ የመድሃኒቱን ብር ማን እንደሚከፍል ግን ጠይቄ አላውቅም። ደብተሩን ቦታው መለስኩት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ሌባ ነኝ ወይ? ወይስ ራሷ አልፈልግም ካለች ምን አገባኝ? ትክክለኛው ስንት ነው?

ከጅማ»

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴም እዛ ኩሽና መሳቢያ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ክብሪት ፍለጋ ገብተህ የ13 አመት ትዳርህን ይዘህ ወጣህ። እንቅልፍ ማጣትህን እንደ በሽታ አትየው፣ እኔ እንደውም ለናንተ ተስፋ ያደረኩት በሱ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም በስሙ ሆኖ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ወረቀቱ አልቆ ሳለ «ትክክለኛው ስንት ነው» ብሎ የሚፅፍልኝ ወንድ ብዙ የለም። ሌባ ነኝ ወይ ላልከው፣ አይደለህም። እሁድ ገና አልደረሰም።

መጀመሪያ ስለዛች «ምንም አልፈልግም» ስለምትል ቃል እናውራ፣ ሁሉም ነገር እሷ ላይ ነው የተንጠለጠለው። መቼ ነው ያለችው? ቀን ነው ማታ? አዳር ወጥታ እንቅልፍ ሳትተኛ ነበር እንዴ? ከዛ በኋላ ረጋ ብላ፣ ሻይ ይዛ ቁጭ ብላ፣ ደግማ ብላዋለች? አንድ ደግሞ ልጨምርልህ፣ ባንክ ስንት እንዳለ ታውቃለች? መጋዘን ስንት ኩንታል እንደተኛ፣ መኪናዋ ስሟ እንደዞረ ታውቃለች? የምትተወውን ነገር መጠን ሳያውቅ ተውኩ ያለ ሰው ተስማማ አይባልም ወንድሜ፣ ያልታየ እቃ ላይ እንደመፈረም ነው።

አክስቴ እንደዛ ብላ ነው የወጣችው። እንደናንተ ሁለት ልጅ ነበራት፣ አንድ ሻንጣ ይዛ «አላህ ይስጠኝ፣ ከሱ ሳንቲም አልፈልግም» ብላ ወጣች፣ እኛም ጀግና ናት አልን፣ አጨበጨብንላት። ከስድስት አመት በኋላ ለልጇ ትምህርት ቤት ብር ስትበደር አብሬያት ነበርኩ፣ መንገድ ላይ ድንገት ቆማ «ያኔ እኮ ኩራት አልነበረም፣ ደክሞኝ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እና ሚስት «ምንም አልፈልግም» አለች ሲሉኝ እኔ ምሰማው ያንን ድካም ነው። ያንተዋ እንደዛ ናት ብዬ አልምልልህም፣ አንተ ግን 13 አመት አብረሃት ኖረሃል፣ ድምጿን ታውቀዋለህ፣ ለራስህ መልስ።

ወንድምህ ያለውን ደግሞ ቁጭ ብለን እንየው፣ ክፉ ሰው ነው አልልህም፣ ላንተ ፈርቶ ነው፣ ግን ሂሳቡ ተሳስቷል። ደሞዟ ጤፍ ነው የገዛው ይላል። እሺ፣ ደብተሩን እንደገና አውጣው፣ ቤቱን ስትሰሩ ቆርቆሮ የገዛህበትን ወር ታስታውሳለህ አይደል፣ መቼም ቤት የሰራ ሰው ቆርቆሮ የገዛበትን ቀን አይረሳም። ያን ወር ፈልገው። ገፁ ላይ ጤፍ አለ፣ ዘይት አለ፣ የሰራተኛ ደሞዝ አለ፣ ምናልባት የአባባ መድሃኒትም አለ። እሷ ያን ሁሉ ባትከፍል ኖሮ አንተ ነበርክ ምትከፍለው፣ አንተ ብትከፍል ደሞ ቆርቆሮው የዛን ወር አይገዛም ነበር፣ ምናልባት የዛን አመትም። ያንተ ብር ግድግዳ ላይ ስለወጣ ይታያል፣ የሷ ብር ተበልቶ ስላለቀ አይታይም፣ ግን አንዱ ሌላውን ተሸክሞ ነው የቆመው። አንተ ቡና ልትሰበስብ ሶስት ወር ስትወጣ ልጆቹን ማን ጋ ጥለህ እንደምትሄድ አስበህ ታውቃለህ? አለማሰብህ ራሱ የሷ ስራ ነው፣ እንዳታስብ አድርጋህ ነበር።

በሸሪዓ መህሯ ብቻ ነው ላለው፣ እኔ የሃይማኖት ሊቅ፣ ዓሊም አይደለሁም፣ ፈትዋ ማለትም የሃይማኖት ብያኔ አልሰጥም። ግን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው አንድ ነገር አለ፣ ሚስትንና ልጅን ማብላት ማልበስ ነፈቃ ነው፣ የባል ግዴታ ነው፣ የሴት ገንዘብ ደግሞ የራሷ ነው፣ ወዳ ካልሰጠች ማንም አይነካባትም። እና በዲኑ እንሂድ ካልን ያ ደብተር ላይ ያለው ጤፍ በማን ብር ሊገዛ ይገባ ነበር? ዲኑን ለመህሩ ጊዜ አምጥተን ለነፈቃው ጊዜ ልንተወው አንችልም። ይሄን ለወንድምህ በቁጣ ሳይሆን ለብቻችሁ ስትሆኑ ንገረው። የሸሪዓ ፍ/ቤት እንሂድ ብትሉም ይቻላል፣ ህገመንግስቱ አንቀፅ 34 ይፈቅዳል፣ ግን ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ከሆነ ብቻ ነው፣ አንዳችሁ አልፈልግም ካላችሁ ጉዳዩ መደበኛው ፍ/ቤት ነው የሚሄደው።

ህጉ ምን ይላል ብትል፣ እናንተ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆናችሁ የክልሉ የቤተሰብ ህግ ነው የሚመለከታችሁ፣ አዋጅ 69/1995 ነው፣ በኋላ የተሻሻለ ነገር አለው። ሀሳቡ እንደ ፌዴራሉ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረህ፣ ወይም በስጦታም በውርስም የመጣልህ የግልህ ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ነገር ግን በማንም ስም ይመዝገብ የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ አይ የኔ ብቻ ነው የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ደሞዝም፣ ትርፍም፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ኪራይ ሳይቀር የጋራ ገቢ ነው። እና ካርታው ላይ ያንተ ስም ብቻ መኖሩ፣ የባንክ ደብተሩ ባንተ መሆኑ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ስትፋቱ የጋራው እኩል ነው የሚካፈለው፣ እዳም እንደዛው፣ ለቤቱ ለቤተሰቡ ተብሎ የተበደራችሁት የሁለታችሁም ነው።

የአባትህ ቦታ ግን ያንተ ክርክር ነው፣ ያን ተው አልልህም። ሳታገባ የተሰጠህ ከሆነ እውነቱን ተናገር፣ የስጦታ ወረቀትም ካለ ያዘው። ቦታውና ላዩ ላይ የቆመው ቤት ግን አንድ ነገር አይደሉም፣ ቤቱና አራቱ ሰርቪስ በትዳር ውስጥ በሁለታችሁ ጉልበት ነው የቆሙት፣ ይሄን ለየት አድርጎ እንዲያስቀምጥልህ ጠበቃ ጋ ሂድ። የሷ መህርና ለሷ የተሰጣት ወርቅም የራሷ ነው፣ ድርሻ ላይ አይደመርም፣ ይደመራል የሚሉህ ካሉ እንዳትሰማ።

አሁን መኪናዋ። እዚህ ጋ ትንሽ ጠንከር እልብሃለሁ፣ አትቀየመኝ። መልሳት። ይሄ ሳምንት ሳያልቅ ሊብሬውን ወደ ስምህ መልስ። የጋራ ንብረትን ያለሚስት ፈቃድ ለሌላ ማዞር ህጉ አይፈቅድም፣ እሷ ፍ/ቤት ሄዳ ልታስፈርሰው ትችላለች፣ ከዛ በኋላ ደግሞ አንተ ምትናገረውን ሌላ እውነት ማንም ዳኛ በሙሉ ልቡ አይሰማህም፣ የአባትህ ቦታ ጉዳይ ሳይቀር። ሌላ ያላሰብከው ነገር አለ። ወንድምህ ያገባ ከሆነ፣ በሱ ትዳር ውስጥ በሱ ስም የገባች መኪና የሱና የሚስቱ ናት ተብላ ትገመታለች። ነገ እሱ ቢጣላ፣ ወይ እዳ ቢኖርበት፣ አላህ አያድርገውና ቢሞት፣ ያንተ አይሱዙ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ነው የምትገኘው። ለጥንቃቄ ነው የተባልከው ነገር ካደረግከው ሁሉ በጣም ጥንቃቄ የጎደለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልብህ ውስጥ ያለውን ፍርሀት አልዘነጋሁትም። በጭቃ መንገድ ተቀርቅረህ መኪና ውስጥ አድረሃል፣ ዋጋ ወርዶብህ ከስረህ ተነስተሃል፣ አሁን ግማሹን ስጥ ሲሉህ የሰውነትህ ግማሽ የተቆረጠ ነው ሚመስልህ። ልክ ነህ፣ ያ ልፋት እውነት ነው፣ ማንም እንዲያቃልልብህ አልፈልግም። ግን እኩል መካፈል ማለት ሁሉን ነገር እንደ እንጀራ ከመሃል መቅደድ አይደለም። ለምሳሌ እሷና ልጆቹ ቤቱ ውስጥ ሆነው አንተ መኪናዋንና የቡናውን ስራ ልትይዝ ትችላላችሁ፣ ልዩነቱን በብር ማስተካከል ነው። ወይ ደግሞ ቤቱ የአባትህ ቦታ ላይ ስለሆነ አንተ ትይዘውና ድርሻዋን በሁለት ሶስት ጊዜ ትከፍላታለህ፣ በፅሁፍ፣ ቀን ተቆርጦለት። መስማማት ካቃታችሁ ነው ሀራጅ የሚመጣው፣ ሀራጅ ላይ ደግሞ ቤት የሚገባውን ዋጋ ሲያወጣ እምብዛም አይታይም፣ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

ያንተ ስራ ላይ አንድ የሚያጣላ ነገር አለ፣ እሱም ጊዜው ነው። ቡና ነጋዴ ህዳር ላይ ሲቆጠርና ሰኔ ላይ ሲቆጠር ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ህዳር ላይ ባንክ ባዶ ነው፣ ብሩ ገበሬ እጅና መጋዘን ውስጥ ነው ያለው፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ቡናው ተሸጦ ብሩ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ምረጡ፣ የሁለታችሁም ቀን ይሁን፣ በዛ ቀን ባንክ ያለው፣ መጋዘን ያለው፣ ለገበሬ በቅድሚያ የሰጠኸው፣ ያበደርከው፣ የተበደርከው፣ እቁብ ላይ ያለህ፣ ቴሌብር ላይ ያለው ሳይቀር ይፃፍ። የሷም ይፃፍ፣ ቁጠባም እቁብም ካላት። እዳህን አትደብቅ፣ እዳ መደበቅ ብር ከመደበቅ አይሻልም፣ ነገ አብራችሁ ነው ምትጠየቁበት። ለቤቱና ለመኪናው አንተ የምታውቀው ደላላ ብቻ አይበቃም፣ አንድ እሷ ታምጣ አንድ አንተ አምጣ አንድ ደግሞ ሁለታችሁም የማታውቁት ይምጣ፣ መሃል ያለውን ያዙ። 300 ሺው ከየት እንደመጣ ልጠይቅህ? ማን ነው ያሰላው? ምን ተደምሮ ምን ተቀንሶ? መልስ ከሌለህ ቁጥሩ ዝም ብሎ ከአፍ የወጣ ነው።

ልጆቹን ከዚህ ሁሉ አውጣቸው። እሷ «ልጆቼን ስጠኝ እንጂ» ስትል ሳታስበው ልጆቹን የንብረቱ ዋጋ አድርጋቸዋለች፣ አንተም ከፈረምክበት ሸጥክላት ማለት ነው፣ ቃሉ ይከብዳል ግን ሌላ አላገኘሁለትም። ማን ጋ ይኑሩ የሚለው የነሱ ጥቅም ታይቶ ነው የሚወሰነው። የምትሰጠው ቀለብ ደግሞ ከድርሻዋ ጋር የሚቻቻል አይደለም፣ እሱ የልጆቹ ነው፣ ቤት ሰጥቻታለሁ ብለህ ማስቀረት አትችልም። የ11 አመት ልጅህ ብዙ ነገር እየሰማች ነው፣ ማታ ማታ ድምፃችሁን ታውቀዋለች። አንድ ቀን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ «ቤታችን ሁለት ሊሆን ነው፣ ትምህርት ቤትሽ ግን ያው ነው፣ አባትሽም ያው ነው» በሏት፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት።

አሁን ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ዛሬ ማታ ወይ አዳር ከሌላት ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፍላ። አንተ አፍላ፣ እሷ አይደለችም። ደብተሩን ይዘህ ና። እንዳየኸው ንገራት፣ እንዳትደብቅ፣ «ክብሪት ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ አነበብኩት» በላት። ምናልባት ትቆጣለች፣ የግል ደብተሬን ለምን ብላ፣ ትቆጣ። ከዛ ስለአባትህ መድሃኒት አመስግናት። ከንብረት ክፍፍሉ ጋር አታያይዘው፣ ለብቻው በለው፣ 13 አመት ውስጥ ያልተባለ ምስጋና ስለሆነ እዛ ጋ ትንሽ ቆይ። መኪናዋንም ራስህ ንገራት፣ ከሰው እንዳትሰማው። በመጨረሻ «እሁድ አንፈርምም፣ መጀመሪያ ያለንን አብረን እንፃፍ፣ አንቺም የምታምኚውን ሰው ወይ ጠበቃ ይዘሽ ነይ» በላት። ምንም አልፈልግም ብላ ከደገመች «እሺ፣ ግን አይተሽው ተይው» በላት። አይታው፣ አውቃው፣ ረጋ ብላ የተወችው ነገር ካለ ያ የሷ መብት ነው፣ ያኔ አንተም ነፃ ነህ።

ጠበቃ ለየብቻችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያንተ ጠበቃ የሷንም ልፃፍላት ካለ እንቢ በል። ለሷ የሚከፈል ካጠረ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የህግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ሄዳ ትጠይቅ። ሽማግሌዎቹን አትናቃቸው፣ ሊያስማሟችሁ ይችላሉ፣ ፍቺውን የሚያፀናው ግን ፍ/ቤት ነው። በስምምነት ከሆነ የተስማማችሁበትን ፅፋችሁ ትወስዳላችሁ፣ ዳኛውም በፍላጎታችሁ መሆኑን አይቶ ያፀድቀዋል፣ ክርክር ውስጥ ገብታችሁ አመት ከመመላለስ ይሻላል።

ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ከሩቅ የሚመጡም ካሉ መንገድ ሳይጀምሩ ነገ ጠዋት ደውልላቸው። ሰበብ አትፍጠር፣ አልታመምክም፣ እንግዳም አልመጣብህም። «ሂሳቡን ገና አልጨረስንም» በላቸው።